ጋሽ ደመቀ ሩሲያኛ የተናገሩበት ጠዋት

ሥራዬ የሰው ደም ወደ ማሽን ልኬ ታጥቦ እስኪመለስ መጠበቅ ነው። ላስ ቬጋስ፣ ሜዲካል ዲስትሪክት ከሚባለው የሆስፒታሎች ሰፈር አጠገብ ባለ የኩላሊት እጥበት ክሊኒክ ውስጥ ቴክኒሺያን ነኝ። ስሜ ሰብለ ይባላል። በዲቪ መጥቼ መጀመሪያ ሆቴል ውስጥ አልጋ አነጥፍ ነበር፤ በኋላ ኮርስ ወሰድኩና ወደዚህ ሥራ ገባሁ።

ያን ጊዜ ምን ዓይነት ሰው ነበርሽ ብትሉኝ፣ ሥራዋን ጠንቅቃ የምትሠራ፣ ሰውን ግን ምንም የማትጠይቅ ሴት ነበርኩ እላችኋለሁ። መርፌ ሳላሳምም እሰካለሁ፣ ግፊት እለካለሁ፣ ለበረደው ብርድ ልብስ አለብሳለሁ። ታካሚው ማን እንደነበረ፣ በምን በኩል አልፎ እዚያ ወንበር ላይ እንደደረሰ መጠየቅ ግን ድፍረት ይመስለኝ ነበር። አስተዳደጌም ነው መሰለኝ። እኛ ቤት ትልቅ ሰው ሲናገር ይሰማል እንጂ አይጠየቅም።

ጋሽ ደመቀ ከታካሚዎቼ መካከል ብቸኛው ሐበሻ ነበሩ። ዕድሜያቸው ሰባዎቹን አጋምሷል። ረዥም፣ ወንበር ላይ እንኳ ቀጥ ብለው የሚቀመጡ፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ናቸው። አገር ቤት የውሃ መሐንዲስ እንደነበሩ የነገረችኝ ልጃቸው ሂሩት ናት። ሂሩት ዘ ስትሪፕ በሚባለው ትልቅ ጎዳና ላይ ካሉት ካዚኖዎች በአንዱ ዲለር ሆና ካርታ ታድላለች። ፓራዳይዝ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ አፓርትመንት ላይ ከአባቷ ጋር ትኖራለች። ጠዋት ታመጣቸውና፣ ሲጨርሱ መጥታ ቤት አድርሳቸው ወደ ሺፍቷ ትሮጣለች።

ነገሩ የሆነው ነሐሴ ማለቂያ ላይ ነው። የክሊኒኩ በር በተከፈተ ቁጥር የውጭው ግለት ፊታችንን ይመታናል። መርፌውን ሰክቼ ፕላስተር ሳደርግላቸው ጋሽ ደመቀ ቀና ብለው አዩኝና፣ «ሰብለ፣ የዛሬው የመጨረሻዬ ነው» አሉኝ።

ክሊኒክ ሊቀይሩ መስሎኝ ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቅኳቸው። የትም እንደማይሄዱ፣ ከዛሬ በኋላ ግን ማሽን ላይ እንደማይቀመጡ ነገሩኝ። ድምፃቸው ውስጥ ሐዘንም ቁጣም አልነበረም። የአየር ሁኔታ የሚነግሩኝ ነበር የሚመስለው።

እጥበት ያቆመ ሰው ቀናት እንጂ ወራት አይቆይም። ይህን እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። ሂሩት ታውቅ እንደሆን ጠየቅኳቸው።

«አታውቅም። አንቺም አትነግሪያትም።»

እኔ ባልነግራትም ለነርሷ ግን ማሳወቅ ግዴታዬ እንደሆነ ነገርኳቸው። «ንገሪያት፤ እኔ ከወጣሁ በኋላ» አሉ። ታካሚ ሕክምና የማቆም መብት እንዳለው ቀደም ብለው ጠይቀው ተረድተዋል። ልክ ናቸው፣ መብት አላቸው። እኔን የከበደኝ መብቱ አልነበረም። ያቺ ልጅ ከሁሉም ሰው ኋላ ልትሰማ መሆኑ ነው። ማሽኑን አስነሳሁና ዞር አልኩ። እጥበቱ እስኪያልቅ አራት ሰዓት ገደማ አለኝ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ምን ላደርግ እንደምችል ግን ምንም አልታየኝም።

የዚያን ዕለት በሌላው ጥግ ያለ አንድ ማሽን ስለተበላሸ፣ እዚያ የምትታጠበውን ቫለንቲናን ከጋሽ ደመቀ ፊት ለፊት አስቀመጥናት። ቫለንቲና ሩሲያዊት ናት፤ ስልሳዎቹን ያገባደደች፣ ትከሻዋ አሁንም ሰፊ የሆነ ሴት። በወጣትነቷ የሰርከስ ተወዛዋዥ ነበረች፤ ገመድ ላይ ተንጠልጥላ ከአንዱ ወደ ሌላው የምትወረወር። በኋላ ቬጋስ መጥታ የትርኢት ልጆችን ስታሠለጥን ኖራለች። በዕድሜዋ አንቱ ልላት ይገባ ነበር፤ በእንግሊዝኛ ስናወራ ግን አንቱ የሚባል ነገር ስለሌለ አንቺ ሆና ቀረች።

እያንዳንዱ ወንበር የራሱ ትንሽ ቴሌቪዥን አለው። ቫለንቲና ማዳመጫ አትወድም፣ ድምፁን ለቃ ነው የምታየው። የመጨረሻው የሶቪየት መሪ የሞተ ሰሞን ነበርና ዜናው ሁሉ ስለሱ ነው። መላጣው ላይ ያለው ቀይ ምልክት፣ ከጎኑ የማትለየው ሚስቱ፣ ከመኪና ወርዶ መንገድ ላይ ከሕዝብ ጋር ሲያወራ፣ በመጨረሻም በቴሌቪዥን ቀርቦ ሥልጣኑን ሲለቅ። እኔ ልጅ ሳለሁ የሆነ ነገር ስለሆነ ብዙም ትዝ አይለኝም። ቫለንቲና ግን ዓይኗን ትጠርጋለች።

ድንገት ጋሽ ደመቀ ከፊት ለፊት አንድ ነገር ተናገሩ። አማርኛ አይደለም፣ እንግሊዝኛም አይደለም። ቫለንቲና መነጽሯን አውልቃ አየቻቸው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። እውነት የተናገረው ይህ ሰው ነው? የምትል ትመስላለች። እኔም የማውቀው ነገር አልነበረም።

መለሰችላቸው፤ እሳቸውም መለሱ። መጀመሪያ ቃላት እየፈለጉ፣ እየቆሙ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ግን አንደበታቸው ተፈታ። በአማርኛ ዓረፍተ ነገር የማይጨርሱት ሰውዬ በሩሲያኛ እጃቸውን እያወናጨፉ ይናገሩ ጀመር። መርፌ ያለበትን ክንዳቸውን እንዳያንቀሳቅሱ እየሄድኩ መያዝ ነበረብኝ። ከሚሉት ሁሉ የምለየው «ፔሬስትሮይካ» የሚለውን፣ የሰውዬውን የተሐድሶ መፈክር ብቻ ነው። ያን ቃል ቫለንቲና ስትለው እንደ ሰው ስም አለስልሳ ነው፤ ጋሽ ደመቀ ሲሉት ግን ከአፋቸው አውጥተው የሚጥሉት ይመስላል።

ምን እየተባባሉ እንደሆነ ለማወቅ በጣም ጓጓሁ። እውነቴን ነው፤ እዚያ ቤት በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ እንደዚያ ጓጉቼ አላውቅም። በአጠገቧ ሳልፍ ቫለንቲናን ጠየቅኳት። መጀመሪያ የተናገሩት «ያን ሰውዬ አጥፊልኝ፤ በሕይወት ሳለም አይቼ ጠግቤዋለሁ» የሚል እንደነበር ነገረችኝ። ሌኒንግራድ እንደተማሩ፣ ያን ትልቅ አገር አፍርሶ ሲያበቃ ፒዛ ሊያስተዋውቅ ቴሌቪዥን ላይ ወጣ ብለው እንዳላገጡበትም ጨመረችልኝ። እሷ ደግሞ፣ ከዚያ የሥልጣን ወንበር ላይ በገዛ እግሩ የወረደ ሌላ ሰው ጥራልኝ ብላቸዋለች።

ወደ ጋሽ ደመቀ ስመለስ ማሽኑ ጮኸ። ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ግንባራቸውን ላብ አጥምቆታል። ግፊታቸውን ስለካ በጣም ወርዷል። ወንበሩን ወደ ኋላ አስተኛሁት፣ እግራቸውን ከፍ አደረግሁ፣ ጨው ያለበትን ፈሳሽ ለቀቅሁላቸውና ነርሷን ጠራሁ። እንዲህ ያለ ነገር እጥበት ላይ ያጋጥማል። የዚያን ዕለት ግን ጠዋት ያሉኝ ጆሮዬ ውስጥ ስለነበር ግፊታቸውን ደግሜ ለካሁ። ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ስማቸውን ብጠራ አይመልሱም።

ቫለንቲና ከማሽኗ ጋር ስለተሳሰረች መነሳት አትችልም። ከወንበሯ ላይ ሆና በሩሲያኛ ጮክ ብላ አንድ ነገር ጠየቀቻቸው። ዝም አሉ። ደግማ ጠየቀች። ሦስተኛውን ስትጠይቅ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ አንድ ቃል መለሱ። ሌላ ጥያቄ ጨመረች፣ ሌላ ቃል መለሱ። እንዲህ እየጠየቀች፣ እየመለሱ፣ ፊታቸው ላይ ቀስ በቀስ ደም ተመለሰ። ዓይናቸውን ገለጡ።

በኋላ እንደነገረችኝ ስለ ትራም ነበር የምትጠይቃቸው። ሌኒንግራድ ሲኖሩ የትኛው ሰፈር ነበሩ፣ ትራሙን የት ይይዙ ነበር፣ ቀጣዩ ፌርማታ ምን ይባላል፣ ከዚያስ ቀጥሎ? እሳቸውም ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ፌርማታዎቹን በየተራ ጠርተውላታል።

ነርሷ የዕለቱ እጥበት እዚህ ላይ ቢቋረጥ ይሻላል አለች። ጋሽ ደመቀ ራሳቸውን ነቀነቁና በእንግሊዝኛ ገና አልጨረስንም አሏት። እሷ ሕክምናውን ማለታቸው መስሏት የማሽኑን ፍጥነት ቀንሳ ሄደች። እኔ ግን የሚያዩት ወዴት እንደሆነ አይቻለሁ።

ከዚያ በኋላ ነው፣ ጭንቅላታቸው ሥር ትራስ ሳስተካክል፣ ሳላስበው የጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ ይህን ሰውዬ ለምን እንደዚህ ጠሉት?»

ልጠይቅ የማይገባኝን የጠየቅሁ መስሎኝ ልሄድ ስል፣ «ጠልቼው መች አወቅሁ» አሉኝ።

እየቆዩ፣ እያረፉ ነገሩኝ። ለሁለተኛ ዲግሪ ሌኒንግራድ በነበሩበት ጊዜ ሰውዬው አዲስ መሪ ሆኖ መጣ። ከመኪና ወርዶ ከሕዝብ ጋር ሲያወራ ከሩቅ አይተውታል። ያለውን አልሰሙም፤ ሰው ሲናገረው ግን ዝም ብሎ ሲያዳምጥ አይተዋል። እንዲህ የሚያዳምጥ መሪ ከዚያ በፊት አይተው አያውቁም ነበር። ቮድካ ሲከለክል ከጓደኞቻቸው ጋር እየሳቁበት እንኳ ይወዱት ነበር። ጋዜጣ ለመግዛት በበረዶ ይሰለፋሉ፤ ትናንት ሊነገር የማይችለው ነገር ዛሬ ታትሞ ይወጣልና። በዶርም ውስጥ ፔሬስትሮይካ ወደ አገራችን መቼ ይደርሳል እያሉ ያድሩ ነበር።

«ታናሽ ወንድሜ ታደሰ በዚያ ጊዜ ሰሜን ግንባር ላይ ታንከኛ ነበር» አሉ። «ታንኩ የእነሱ ነው። ጥይቱም የእነሱ፣ መለዋወጫውም የእነሱ። ሰውዬው በቃኝ ሲል መለዋወጫው ቀረ። የታደሰ ታንክ ሞተሩ አልነሳ አለ፤ ባለበት ቆሞ እንዲተኩስ አደረጉት። የቆመ ታንክ ምን እንደሚሆን አንቺም ትገምቻለሽ። እሱ እዚያ ሲቃጠል እኔ ሌኒንግራድ አደባባይ ላይ ቆሜ ለሰውዬው አጨበጭብ ነበር።»

ይህን ለልጃቸው ነግረዋት ያውቁ እንደሆን ጠየቅኳቸው። ሂሩት አጎት እንደነበራት ታውቃለች፣ እንዴት እንደሞተ ግን አታውቅም አሉ። ለማንም ተናግረውት አያውቁም። የዚያን ጠዋት ለቫለንቲና፣ ለማያውቋት ሴት፣ ሦስት አስርት ዓመታት ባልተናገሩት ቋንቋ ተናገሩት። ግፊታቸው የወረደው እሱን ነግረዋት እንዳበቁ ነው።

ቫለንቲና አማርኛችን ባይገባትም ስለ ምን እንደምናወራ አውቃለች። ስትጠራኝ ሄድኩ። «ወንድሙን ነገረሽ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። እሷም የራሷን ወንድም ነገረችኝ። ኮልያ ይባላል፤ ብዙ የምትበልጠው ታናሿ ነው። በግዳጅ ተመልምሎ አፍጋኒስታን ተላከ። ከሰፈራቸው የሄዱት ልጆች በተዘጋ የብረት ሣጥን ይመለሱ ነበር፤ እናቶች ሣጥኑን እንዲከፍቱ አይፈቀድላቸውም። ሰውዬው በቃኝ ብሎ ጦሩን ሲያስወጣ ኮልያ ወደ አገሩ በሚያሻግረው የድንበር ድልድይ ላይ በእግሩ ተሻግሮ መጣ። ዛሬ አያት ሆኗል፤ ንብ ያረባል።

ወለሉ መሃል ላይ ቆምኩ። በግራዬ ጋሽ ደመቀ፣ በቀኜ ቫለንቲና። አንድ ሰው አንድ ቀን ጦርነት በቃኝ ብሎ የሷን ወንድም ወደ ቤቱ መለሰ፤ ያው ሰው ያንኑ በቃኝ ሲል የሳቸው ወንድም የቆመ ታንክ ውስጥ ቀረ። ማን ልክ ነው ልበል? ሁለቱም ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ ደማቸው በማሽን እየዞረ፣ እኔን ያዩኛል።

ከዚያ ቫለንቲና ለጋሽ ደመቀ በሩሲያኛ አንድ አጭር ጥያቄ አቀረበች። ይህን ራሳቸው ጋሽ ደመቀ ናቸው የተረጎሙልኝ። መለዋወጫው ቢመጣ ኖሮ ወንድምህ ስንት ዓመት ይዋጋ ነበር? ነበር ያለቻቸው። እስከዚያ ድረስ ለእያንዳንዱ ቃሏ መልስ የነበራቸው ሰው ፊታቸውን ወደ ማሽኑ አዞሩ። ግፊታቸውን በድጋሚ ለካሁት። ደህና ነው።

«አላውቅም» አሉ በመጨረሻ፤ መጀመሪያ በአማርኛ ለእኔ፣ ከዚያ በሩሲያኛ ለእሷ። እሷም ራሷን ነቀነቀች። አሸነፍኩ የሚል ነገር ፊቷ ላይ አላየሁም።

እጥበቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ሌላ ነገር ልጠይቃቸው ተመኘሁ፤ አንዴ ከጀመርኩ አላቆም አልኩ። ቴሌቪዥኑ ደጋግሞ «ግላስኖስት» ሲል ሰምቻለሁና ከእኛ «ግልጽነት» ጋር ዝምድና አለው ወይ አልኳቸው። ፈገግ አሉ። ድሮም ሬዲዮ ላይ እንደዚያ ይተረጎም እንደነበር፣ መመሳሰሉ ግን አጋጣሚ ብቻ እንደሆነ ነገሩኝ። በእነሱ ቋንቋ ሥሩ ድምፅ ከሚለው ቃል ነው። ነገርን በሆድ ከመያዝ ይልቅ በድምፅ ማውጣት ማለት ነው አሉ።

«ታዲያ ጋሼ፣ ለሂሩት ለምን በድምፅ አይነግሯትም?»

ይህ ከአፌ ሲወጣ ራሴን ፈራሁት። የእኔ ሥራ መርፌ መሰካት ነው። ጋሽ ደመቀ ትኩር ብለው አዩኝ፤ የሚቆጡ መሰለኝ። ደሙ ተመልሶ እስኪያልቅ ድረስ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ።

መርፌዎቹን ነቅዬ ፋሻውን በጣታቸው እንዲጫኑት አደረግሁ፤ ደሙ እስኪቆም እንደዚያ መቆየት አለባቸው። ሂሩት የካዚኖ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች፣ ቁልፏን በእጇ እንደያዘች ገባች። እኔ ፋሻ የምለይ መስዬ ቆሜያለሁ። ጋሽ ደመቀ ከእሷ አልፈው ቫለንቲናን አዩ። ከዚያ፣ «ሂሩትዬ፣ ተቀመጪ» አሏት። መቀመጫ አልነበረምና የእኔን ባለ ጎማ በርጩማ ገፋሁላት።

«እዚህ መምጣት ማቆም እፈልጋለሁ። ሳልነግርሽ ላደርገው ነበር።»

ሂሩት አልጮኸችም። ፋሻውን የያዘውን እጃቸውን በእጇ ሸፈነችና መሬት መሬት አየች። ለምን እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ሌሊት እግራቸውን የሚይዛቸውን ቁርጥማት፣ ከማሽኑ ሲወርዱ ቀኑን ሙሉ እንደ ተጨመቀ ጨርቅ መሆናቸውን፣ በእሳቸው ምክንያት የእሷ ሕይወት በሺፍትና በክሊኒክ መሃል መቅረቱን ነገሯት። ቁርጥማቱን አንድም ቀን አንስተውላት አያውቁም ነበር። ለእኛም ቢሆን ደህና ነኝ ነበር የሚሉት።

«ሐኪሙ ይህን ይስማና ከዚያ እርስዎ ያሉት ይሁን» አለች ሂሩት። «እኔ የምጠይቅዎት እሱን ብቻ ነው።»

ነርሷን ጠራሁ። ሐኪሙ በነጋታው አያቸው። ፈሳሹ በአጭር ጊዜ ብዙ እየተሳበባቸው እንደሆነ አገኘና ሰዓቱን አስረዝሞ ፍጥነቱን ቀነሰው። ቁርጥማቱ ጨርሶ ባይጠፋም ተቻለ። ጋሽ ደመቀ በሚቀጥለው ቀጠሮ መጡ፤ ልክ እንደገቡም ሩሲያዊቷ የት ተቀመጠች አሉኝ። ከዚያ በኋላ ሁለቱን ጎን ለጎን ነበር የምናስቀምጣቸው።

ከዓመት በላይ እንደዚያ ቆዩ። ከዚያ ሰውነታቸው በእርግጥ ሲደክም እጥበቱን አቆሙ። በዚህ ጊዜ መጀመሪያ የሰማችው ሂሩት ነበረች፤ እኔ የሰማሁት ከእሷ ነው። ቤታቸው ውስጥ፣ ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጣ አረፉ። ስለ አጎቷ ስለ ታደሰም ሁሉንም ነግረዋታል።

ስለዚያ የሶቪየት መሪ እስከ ዛሬ ምን እንደምል አላውቅም፤ እናንተም ከእኔ ፍርድ አትጠብቁ። እኔን የለወጠኝ የጠየቅሁት ጥያቄ ነው። ያን ጠዋት ጋሽ ደመቀን ለምን ባልላቸው ኖሮ፣ እንደ ወትሮዬ ግፊት ለክቼ ባልፍ ኖሮ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ወንበራቸው ባዶ ይሆን ነበር። ከዚያ ወዲህ መርፌ ስሰካ እጠይቃለሁ። የት ተወለዱ? ምን ይሠሩ ነበር? ትናንት ሌሊት እንዴት አደሩ? አንዳንዱ መመለስ አይፈልግም፤ እተወዋለሁ። ብዙው ግን ጠያቂ ሲጠብቅ የኖረ ነው። እናንተም አጠገባችሁ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው ካለ፣ ዝምታውን ጤንነት ነው ብላችሁ አትለፉት።

ቫለንቲና ለቅሶው ላይ መጣች። ጥቁር ሻሽ አስራ፣ የእጥበት ቀኗ ስላልነበረ ፊቷ እብጥ ብሎ፣ ከእናቶቹ መሃል ተቀመጠች። ሁሉም ማን ናት ይላል። ሂሩት አንድ ነገር እንድትናገር ስትለምናት ተነሳችና በእንግሊዝኛ ተናገረች፤ እኔ ተረጎምኩ።

«ይህ ሰው በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም ቀን ከእኔ ጋር አልተስማማም» አለች። «ነገ ደግሞ ከማን ጋር ልከራከር ነው?»

ይሳቅ አይሳቅ ማንም አላወቀም። ቀድማ የሳቀችው ሂሩት ናት፤ እየሳቀች እንባዋ ወረደ። ከጎኔ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ለመሆኑ ስለ ምን ነበር የሚከራከሩት?» ብለው ጠየቁኝ። ወንበሬን አስጠጋሁና ከመጀመሪያው ጀመርኩላቸው።